የፋሲልን ግንብ ፍሪሜሶኖች ናቸው የሠሩት? ለአንዲት የጎንደር አስጎብኚ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ሰሞኑን አንድ እንግዳ ፋሲል ግንብ በር ላይ ያለውን ባለ 6 ጫፍ ኮከብ አይቶ ‹ይሄ የፍሪሜሶን ምልክት ነው፤ ግንቡንም እነሱ ናቸው የሠሩት› አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ቲክቶክ ላይም ጄምስ ብሩስ ፍሪሜሶን እንደነበረና መጽሐፈ ሄኖክን ለማኅበሩ ሊሰርቅ እንደመጣ ይወራል። እውነት ነው? ፍሪሜሶን ራሱ ምንድን ነው? ሃይማኖት ነው? ሰይጣን ያመልካሉ የሚባለውስ? ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በቴሌግራም ‹ተቀላቀል፣ ሀብታም ትሆናለህ› የሚል መልእክት ደርሶታል። እባክዎ ይርዱኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ለእንግዳሽ የሚሆነውን አጭር መልስ ላስቀድም። ግንቡን ፍሪሜሶኖች አልሠሩትም። ጄምስ ብሩስ ግን በርግጥ ፍሪሜሶን ነበር። ወሬው የተወለደው ሁለቱ ነገሮች ሲደባለቁ ነው። ፍሪሜሶን ማለት የግንበኞችን መሣሪያ እንደ ምሳሌ የሚጠቀም፣ የራሱ ሥርዓትና ምስጢር ያለው ማኅበር ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ፤ ለእንግዶችሽ ስታስረጂ ሒሳብ እንዳትገቢ ብዬ ነው።

ከዘመኑ እንነሳ። አፄ ፋሲል በ1632 ነገሡ፣ በ1636 ጎንደርን መናገሻ አደረጉ፣ በ1667 አረፉ። ዛሬ ፍሪሜሶን የሚባለው ድርጅት መልክ የያዘው ደግሞ 4 የለንደን ሎጆች አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ግራንድ ሎጅ ሲያቋቁሙ ነው። እነሱ ቀኑን ጁን 24፣ 1717 ይሉታል። አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች «የለም፣ 1721 ነው» ይላሉ። ለኛ ጉዳይ ለውጥ የለውም፤ አፄው ካረፉ ቢያንስ 50 ዓመት አልፏል። (ሎጅ ስልሽ እንግዶችሽ የሚያድሩበትን አይደለም። የአባላቱን ስብስብ ነው። ግራንድ ሎጅ ደግሞ የብዙ ሎጆች የበላይ አካል ነው።)

እንግዳሽ ትንሽ ያነበበ ቢሆን ኖሮ ግን «ከ1717 በፊትም እኮ ሎጅ ነበር» ብሎ ይሞግትሽ ነበር። እዚህ ላይ ልክ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ዊሊያም ሾው የተባለ የንጉሡ የግንባታ ሹም በ1598 እና በ1599 ለግንበኞች ደንብ አውጥቷል። የኤድንብራው ሎጅ ቃለ ጉባኤም ከ1599 ጀምሮ አለ። እነዚህ ግን መዶሻና መሮ የያዙ እውነተኛ ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩ። የሚያሳስባቸው ተለማማጅ ስንት ዓመት ይሠራል፣ ማን ሥራ ይውሰድ፣ ያልተማረ ሰው ሙያችንን እንዳይቀማን የሚለው ነው። ምስጢራዊው ቃልና የእጅ ሰላምታም ከዚሁ የመጣ ነው። ዲፕሎማ በሌለበት ዘመን አንድ ግንበኛ ሩቅ አገር ሄዶ «ሙያውን ተምሬያለሁ» የሚለው በዚያ ነበር። ቀስ እያለ ድንጋይ ነክተው የማያውቁ ባላባቶችና ምሁራን ገቡበት። እንግሊዛዊው ኤልያስ አሽሞል በ1646 መግባቱን በማስታወሻው ጽፏል። ግንበኞቹ እያነሱ፣ ጨዋዎቹ እየበዙ ሄዱ። መሣሪያዎቹ ምሳሌ ሆነው ቀሩ።

ከእነዚህ አንዱ ጎንደር መጥቶ ድንጋይ ደረደረ የሚል ማስረጃ የለም። አፄ ፋሲል ራሳቸው ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ያባረሩ፣ ከካቶሊክ አውሮፓ የሚመጣን ሰው በጥርጣሬ የሚያዩ ንጉሥ ነበሩ።

ታዲያ ማን ሠራው? እንግዶችሽን ከደንቀዝ ጀምረሽ አስረጃቸው። በአፄ ፋሲል አባት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ሥራ ላይ አብደል ከሪም የሚባል ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነበር። በኖራ መገንባት በዚያ ዘመን ተስፋፋ። ጎንደር ያንን ልምድ ወረሰች። ግንባታው ላይ ደግሞ የቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አናጢዎችና አንጥረኞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እንግዶችሽን የቤተ እስራኤል መንደር ወደነበረችው ወለቃ ስትወስጃቸው ስለ ሸክላው ብቻ አትንገሪያቸው። የነዚህ ሰዎች አያቶች ግንቡ ላይ ላባቸው አለ።

አሁን ወደ ኮከቡ። ባለ 6 ጫፉ ኮከብ በ17ኛው መቶ ዘመን የማንም የግል ንብረት አልነበረም። በክርስቲያኑም፣ በሙስሊሙም፣ በአይሁዱም ዘንድ «የሰሎሞን ማኅተም» ተብሎ ይሣል ነበር። እኛም ጋ ክታብ ላይ ታገኚዋለሽ። የጎንደር ነገሥታት ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ እንወለዳለን የሚሉ ነገሥታት ናቸው። ክብረ ነገሥት ላይ የተጻፈው ይሄው ነው። ሰሎሞን ለነሱ አባት ነው። የአባታቸውን ማኅተም በራቸው ላይ ለማድረግ የለንደንን ፈቃድ አልጠበቁም።

ፍሪሜሶኖችም ኮከቡን ይጠቀሙበታል፤ ይሄን አትካጂ። ሮያል አርች በሚባለው ክፍላቸው አርማ ላይ አለ። ያ ክፍል ግን የ18ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። የፍሪሜሶን ዋና አርማ ስኳድራ (ማዕዘን መለኪያ) እና ኮምፓስ (ክብ መሥሪያ) ነው፤ ብዙ ጊዜ መሐላቸው ላይ ጂ የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ትገባለች። ግንቡ ላይ ስኳድራና ኮምፓስ ያገኘሽ ቀን ደውይልኝ፤ ከቤት ሮጬ እመጣለሁ።

የሚገርመው ሁለቱም ወገን ሰሎሞንን መያዙ ነው። አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው። የኛ ሰሎሞን ዙፋን ላይ ነው፤ ልጅ ይወልዳል፣ ታቦት ይከተላል። የነሱ ሰሎሞን የግንባታ ቦታ ላይ ነው። 3 ዋና ደረጃዎች አሏቸው፤ ተለማማጅ፣ ሙያተኛ፣ ከዚያ ሊቅ። ሦስተኛው ላይ የሚተወነው ድራማ የኪራም ነው። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 7 ላይ ያለውን የጢሮሱን ኪራም ታውቂዋለሽ፤ የናስ ሠራተኛው፣ የመበለቲቱ ልጅ። መጽሐፍ ቅዱስ ሥራውን ጨረሰ ይላል፣ በቃ። በእነሱ ተውኔት ግን 3 ሙያተኞች የሊቁን ቃል ካልነገርከን ብለው ይገድሉታል። ቃሉን ሳያወጣ ይሞታል። የሚገባው ሰው ራሱ ኪራምን ሆኖ ይወድቃል፣ ከዚያም ይነሣል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ያሉት ያቁምና በለዝ የተባሉት ሁለቱ ዓምዶችም በየሎጁ አሉ።

ዕቃዎቻቸውን ብታዪ ማንኛውም የጎንደር ግንበኛ የሚይዛቸው ናቸው። ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ ቱምቢ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ነጭ የበግ ቆዳ ሽርጥ። ስኳድራው ሥራህ ቀጥ ይበል ነው። ውሃ ልኩ ሰው ሁሉ እኩል ነው። ቱምቢው ቀና ሁን። ሎጁ ውስጥ ሁለት ድንጋይ ይቀመጣል፤ አንዱ ያልተጠረበ፣ አንዱ የለሰለሰ። አንደኛው የመጣኸው አንተ ነህ፣ ሌላኛው ልትሆን የሚገባህ።

አንዱን ሥርዓት ጠጋ ብለሽ እይው። አዲስ የሚገባ ሰው ገንዘቡንና ብረት ነክ ነገሩን ሁሉ አውልቆ፣ ዓይኑ ታስሮ፣ አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶ፣ አንድ የሱሪ እግሩ ተጠቅልሎ ይቀርባል። ቃል ከገባ በኋላ ለድሆች የሚሆን መዋጮ ስጥ ይባላል። ኪሱን ይዳብሳል። ምንም የለውም፤ ሁሉን ወስደውበታል። ከዚያ «ይህን ሰዓት አስታውስ፤ የተቸገረ ስታይ አንተም እንዲህ ባዶ እጅህን ነበርክ» ይሉታል። በኔ እይታ ከሥርዓታቸው ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው። ገመዱና ዓይን ማሰሩ ደግሞ ከውጭ ለሚያይ ለምን እንደሚያስፈራ ይገባኛል።

«ምስጢር» የሚባለውም ቢሆን ድሮ ወጥቷል። ለንደን ውስጥ በ1730 ሥርዓታቸው ታትሞ ተሸጧል። ዛሬ አሮጌዎቹ የሥርዓት መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባሉ።

ከውስጥ ሲታይ የሎጅ ኑሮ ከኛ የጽዋ ማኅበር ብዙም አይርቅም። በወር በወር መገናኘት፣ ሙሴ መምረጥ፣ መዋጮ፣ አብሮ መብላት፣ የሟች አባልን ቤተሰብ መደገፍ። ዓመታዊ በዓላቸው እንኳን ጁን 24፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ቀን ነው። ልዩነቱ በኛ ማኅበር ማን እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ማወቁ ነው።

ብሩስን እንያዝ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ኤድንብራ በሚገኘው ካኖንጌት ኪልዊኒንግ በተባለ ሎጅ በ1753 ገብቷል። ጎንደር የደረሰው በፌብሩዋሪ 1770 ነው። ከተማዋ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረች፤ ወጣቱ አፄ ተክለ ሃይማኖት ዙፋን ላይ ነበሩ። ቁስቋም በሚባለው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር ብሩስ በሽተኞችን አክሞ በእቴጌዪቱ ቤት ተወደደ። እዚህ በነበረበት ጊዜ ያዕቆብ ነበር የሚባለው። ግሽ ዓባይን በዚያው ዓመት አይቶ፣ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ ወጣ። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ግን እዚሁ ጎንደር ሞቶ ቀርቷል። ስለሱ የሚያወራ አስጎብኚ አላጋጠመኝም፤ አንቺ ጀምሪው።

ሄኖክን በተመለከተ፣ ብሩስ 3 የግዕዝ ቅጂ ይዞ ሄዷል። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ከኦክስፎርዱ ቅጂ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። ግን ረጋ ብለሽ አስቢው። እኛ ጋ ሄኖክ ምስጢር ሆኖ ያውቃል? ከመጽሐፍ ቅዱሳችን አንዱ ነው። ሊቃውንቱ ያነቡታል፣ ተማሪው ይጠቅሰዋል። የጠፋው አውሮፓ ውስጥ ነው። ለነሱ ተሰውሮ የኖረ ስለሆነ እኛም እንደደበቅነው አድርገው ያወራሉ። እዚያ ቪዲዮ ላይ አስተያየት የሚሰጡት ልጆች እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው አንዱን የኔታ ቢጠይቁ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ፍሪሜሶኖች ስለ ሄኖክ አፈ ታሪክ አላቸው ወይ? አላቸው። ሄኖክ ከመሬት በታች 9 ቅስት ያለው ክፍል ሠርቶ የእግዚአብሔርን ስም ቀበረ የሚል ደረጃ አለ። ይሄ ግን ከ1760ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው። ብሩስ እንግሊዝ የገባው በ1774 ነው። ታሪኩም በኛ መጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ የለም። ብሩስ የፍሪሜሶን ጉጉት ይዞ አልመጣም ብዬ ልከራከርልሽ አልችልም፤ የሰው ልብ አይታይም። በጻፋቸው 5 ጥራዞች ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ግን የዓባይ ምንጭና የራሱ ዝና ነው።

ከብሩስ የበለጠ እኛን የሚነካ ታሪክ አሜሪካ ውስጥ አለ። ይገርመኛል፣ ማንም አያወራውም። ፕሪንስ ሆል የሚባል ጥቁር የቦስተን ሰው ነበር። ነጮቹ ሎጆች አላስገባ ሲሉት፣ በ1775 ከ14 ጥቁር ጓደኞቹ ጋር በአንድ የአይሪሽ ወታደሮች ሎጅ በኩል ገባ። አፍሪካን ሎጅ ለተባለው የራሳቸው ሎጅም በ1784 ከለንደን ፈቃድ ወጣላቸው። ይህ ሰው በ1797 ለወንድሞቹ ባደረገው ንግግር ማንን ጠቀሰ መሰለሽ? የሙሴን አማት ዮቶርን ኢትዮጵያዊ ብሎ አነሳ፣ ጃንደረባውን አነሳ፣ ከዚያ ንግሥተ ሳባን። ሰሎሞን እጇን ይዞ ወደ አደባባዩ ሊያስገባት አላፈረም፣ እናንተ ለምን ታፍሩብናላችሁ ነው ነገሩ። በጎዳና በሚዘለፉበት ዘመን ነው ይህን ያለው። ፕሪንስ ሆል ሜሶኖች እስከ ዛሬ አሉ። አንዳንድ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ነጭ ግራንድ ሎጆች ዕውቅና የነፈጓቸው ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነው። «ሰው ሁሉ እኩል ነው» የሚለው ውሃ ልክ እዚያ ላይ ጠሟል።

ወደ ሰይጣኑ። ይሄ ወሬ ባለቤት አለው። ሊዮ ታክሲል የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከ1885 ጀምሮ «ንስሐ ገባሁ» ብሎ ፍሪሜሶኖች ሉሲፈርን ያመልካሉ የሚል መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ጻፈ። የሌለች ሴት ፈጥሮ ምስክር አደረጋት። ጳጳሳት አመኑት። ኤፕሪል 19፣ 1897 ፓሪስ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ «12 ዓመት ሙሉ ስቀልድባችሁ ነበር» አለ። አዳራሹ ተናወጠ። አሜሪካዊው የፍሪሜሶን መሪ አልበርት ፓይክ ስለ ሉሲፈር ተናገረው እየተባለ ዛሬ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ጥቅስ ከዚያ ማጭበርበር የወጣ ነው። ወሬውን የወለደው ታክሲል ራሱ ውሸት ነው ብሎ ቀበረው፣ ወሬው ግን አልሞተም።

ሃይማኖት ነው ወይ ላልሽው፣ እነሱ አይደለም ይላሉ። የእንግሊዙ ግራንድ ሎጅ በፈጣሪ የማያምን አይቀበልም። ፈጣሪን «የዓለማት ታላቁ አርክቴክት» ይሉታል፣ ሎጅ ውስጥ ቅዱስ መጽሐፍ ይከፈታል፣ ስለ ሃይማኖትና ፖለቲካ መከራከር ግን ክልክል ነው። የፈረንሳዩ ግራንድ ኦሪየንት (እሱም የሎጆች የበላይ አካል ነው) ደግሞ በ1877 የእምነቱን ግዴታ ሰረዘ፤ ከዚያ ወዲህ ከእንግሊዞቹ ጋር አይገናኙም። እና «ፍሪሜሶን እንዲህ ያምናል» የሚልሽ ሰው የትኛው ብለሽ ጠይቂው።

ኦርቶዶክሳዊት ከሆንሽ የቤተ ክርስቲያን ነገር ያሳስብሻል። የሮም ጳጳስ ክሌመንት 12ኛ በ1738 አውግዘዋል፤ ቫቲካን በኖቬምበር 2023 ካቶሊክ አባል መሆን አይችልም ብላ ደግማለች። የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በ1933 ከክርስትና ጋር አይሄድም ብላለች። ምክንያታቸው ተራ ወሬ አይደለም። ሃይማኖትን ሁሉ በአንድ ጣሪያ የሚያኖር ሥርዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚፈጸም መሐላ፣ ለንስሐ አባት እንኳን የማይነገር ምስጢር። ይሄ ጠንካራ መቃወሚያ ነው። ታክሲል አያስፈልገውም።

ወቀሳውም ሁሉ ተረት እንዳይመስልሽ። ጣሊያን ውስጥ ፒ 2 የሚባል ሎጅ ነበር። በ1981 ፖሊስ የመሪውን የሊቾ ጄሊን ቤትና ቢሮ ሲፈትሽ 962 ስም ያለበት ዝርዝር አገኘ። ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎች፣ የስለላ ሹሞች፣ ጋዜጠኞች። መንግሥት ወደቀበት። ሎጁን የጣሊያን ግራንድ ኦሪየንት በ1976 አግዶት ነበር፤ እሱ ግን በድብቅ ቀጥሏል። በአፍሪካም ጋቦንን እይ። ፕሬዚዳንት የነበረው አሊ ቦንጎ የአገሩ ግራንድ ሎጅ ግራንድ ማስተር፣ ማለትም የበላይ መሪ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ሎጅ የሥልጣን መሰላል ነው ብሎ የሚያማ ሰው ልክ ነው።

በሌላ በኩል ቁጥራቸው እየመነመነ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1959 ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ ዛሬ 1 ሚሊዮን አይሞሉም። እንግሊዞቹ በ2018 ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ገዝተው «መገለል ይብቃን» ብለዋል። ሴቶችም አሉ፤ ፓሪስ ውስጥ ወንድና ሴት አብሮ የሚይዝ ድርጅት ከ1893 ጀምሮ አለ፣ የፈረንሳዩ ግራንድ ኦሪየንትም ከ2010 ወዲህ ሎጆቹ ሴት መቀበል ይችላሉ። የእንግሊዙ ዋና ግራንድ ሎጅ ግን አሁንም የወንድ ብቻ ነው። ዓለምን ይገዛል የሚባል ድርጅት አዲስ አባል ለማግኘት እንዲህ ሲለፋ ማየት ትንሽ ያስቃል።

አንድ ነገር ጎንደሬ ለጎንደሬ ልንገርሽ። ግንቡን ያቆሙትን እጆች እኛ ምን እንላቸው ነበር? ቡዳ። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ድንጋይ የሚጠርበው ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። ሙያ ያለው፣ ለብቻው የሚኖር፣ የሚሠራው የማይገባን ሰው የሆነ ኃይል አለው ብለን አመንን። ልጅ ሲታመም እነሱ ላይ ጣት ተቀሰረ። ብዙ ሰው በዚያ ተገፍቷል። ዛሬ አንድ ነጋዴ ቶሎ ሀብታም ሲሆን «ገብቶበታል» የሚባለው፣ ዘፋኝ ሦስት ማዕዘን በእጁ ሲሠራ «አይተሻል?» የሚባለው፣ ያው አሮጌው ጣት ነው። ሰው ላይ ከመለጠፍሽ በፊት ማስረጃ ጠይቂ። ፒ 2 ዝርዝር ነበረው።

ዓይን ያለበት ሦስት ማዕዘንም ቢሆን መጀመሪያ የክርስቲያኖች የሥላሴ ሥዕል ነበር። ፍሪሜሶኖች የያዙት ዘግይተው ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት የመላእክት ዓይኖች ደግሞ ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም፤ እንግዳሽ እዚያም ሊጠይቅሽ ስለሚችል ነው።

የወንድምሽ ጉዳይ ከሁሉ ቀላሉም አስቸኳዩም ነው። መልእክቱ ብዙ ጊዜ «ኢሉሚናቲ» ነው የሚለው። ኢሉሚናቲ አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል መምህር በሜይ 1፣ 1776 ባቫሪያ ውስጥ ያቋቋመው ማኅበር ነው። መንግሥት በ1784 እና በ1785 ከልክሎት ፈረሰ። ቴሌግራም ላይ ያሉት ሌቦች ናቸው። አካሄዳቸው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ፎርም፣ ከዚያ «የመመዝገቢያ» ክፍያ፣ ከዚያ «የቀለበት መላኪያ»፣ ከዚያ «የጉምሩክ»። እውነተኛ ሎጅ ሰው ፈልጎ ቴሌግራም ላይ አይዞርም፤ ሀብት እሰጣለሁም አይልም፤ እንዲያውም አባሉ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል። ወንድምሽ መታወቂያውን ወይም ፎቶውን ልኮ ከሆነ ሊያስፈራሩት ይችላሉ። አይመልስላቸው፣ አይክፈል። መልእክቶቹን ስክሪንሹት አንስቶ ያስቀምጥ፣ የሌቦቹን አካውንት ሪፖርት አድርጎ ብሎክ ያድርገው። ብር ልኮ ከሆነ ዛሬውኑ ባንኩ ጋ ሂዱ፣ ከዚያ ፖሊስ። አፍሮ እንዳይደብቅሽ አትቆጪው።